ልጓም

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ሲቃረብ፣
በስኮትላንድ ሰሜን፣ ከባሕሩ ቀረብ፣
በክሬግሎን እርሻ፣ አራሾች ከምናድርበት፣
ፖስታ አገኘሁ ትራሴ ሥር፣ ስም ያልተጻፈበት።
ስከፍተው አንዲት ጸጉር፣
ከፈረስ ጭራ የተነቀለች፣ ጥቁር።

“ጠሩህ” አለኝ ዋቲ፣ ዐይኑን ከዐይኔ ሲያነሣ፤
“ዳቦ ያዝ፣ ውስኪ ያዝ፣ ማርማላታም አትርሳ።
ማክሰኞ። እኩለ ሌሊት። ብቻህን ና።”
ይኸን ብሎ ተኛ፣ ሻማውን አጠፋና።

ዳቦውን የጋገረች ኢሽበል ናት፣ የማድቤቷ ልጅ።
“ለማን ነው?” አለችኝ፤ “የወንዶች ነው” አልኳት።
ሊጥ የነካው እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሳቀች፤
ያኔ ሳቋን ናቅሁት።

ዐይኔን በጆንያ ጨርቅ አስረው መሩኝ በጭቃ፤
ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ የጎተራው በር ነቃ።
“ማን ነው?”
“ወንድም ነኝ” በል አሉኝ፤ አልኩ።
“ማን ላከህ?”
“ዲያብሎስ” በል አሉኝ። እሱንም አልኩ፤
ጉልበቶቼ ግን ያለ እኔ ፈቃድ ተንበረከኩ።

“ጌታችንን ጨብጥ” አሉኝ።
ጨበጥኩ። ጸጉራም ነው፤ ቀዝቃዛ፤ ጣት የለው።
ሸሆና ነው።
(በማግስቱ አየሁት፣ ከማረሻው ኋላ ተጥሎ፣
የጥጃ እግር፣ ከበትር ጫፍ ተቀጥሎ።
ያን ሌሊት ግን ሰይጣን ነበር፤ ሌላ ማንም አይደለም፤
ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨብጫለሁ፣ እንዲያ ያለ እጅ የለም።)

ማልኩ፦ እንዳልጽፈው፣ እንዳልቀርጸው፣ በድንጋይም እንዳልፍቀው፣
ለሚስት፣ ለእናት፣ ለቄስ እንዳላሳውቀው፤
ብናገር ሥጋዬን የዱር ፈረስ ይጎትተው፣
አጥንቴን ማዕበሉ በአሸዋው ይበትነው።
ከዚያ ቃሉን ነገሩኝ፣ በጆሮዬ።
አጭር ነው። “ይኸው ነው?” አልኩ በሆዴ።

ብዕር ሰጥተው ደግሞ፣ “ጻፈው” አሉኝ “እንዳይጠፋህ”፤
አንዷን ፊደል ስጀምር
አለንጋው ጣቴ ላይ! “አሁን ምን ነበር ያልህ?”
ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ዳቦ፤ ውስኪው ዞረ ከአፍ ወደ አፍ።
ጠባሳው ይኸው፣ ከጠቋሚ ጣቴ ጫፍ።

ቃሉ ግን ይሠራ ነበር። አትሳቁ።
ጄስ የምትባል ባዝራ ነበረችኝ፣ ግራጫ፣
ሦስት ሰው ቢጎትታት የማትነቃነቅ፣ አምባጫ።
እኔ ጠጋ ብዬ ሹክ ስላት፣ ትመጣለች በኋላዬ፣
ያለ ልጓም፣ ያለ ገመድ፣ አገጯን ጥላ ትከሻዬ።

ከዚያ ትራክተሩ መጣ።
ቀይ ነው። ጆሮ የለውም።

የቄራው መኪና የመጣ ዕለት፣ ጄስ አልወጣም አለች፤
መወጣጫው ሥር ሰኮናዋን ተክላ ቆመች።
ሾፌሩ ተሳደበ፤ ጌታው ሰዓቱን አየና፣
“ያ የናንተ ነገር አለ አይደል? ሞክራ፤ እስቲ ና።”

ተጠጋሁ።
ነገርኳት።
ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ እንደ ቤቷ ገባች።

ለሰው አልተነፈስኩም፤ ቃሌን አላጠፍኩም፤
ለጄስ የሰጠሁትን ግን፣ ያንን አልቆጠርኩም።

ወንድሞቼ አንድ ባንድ ሄዱ፤ የጎተራው ጣራ ወደቀ፤
ዋቲን ስንቀብረው፣ ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ አለቀ፣
ከእኔ በቀር።

ኢሽበልን አግብቼ፣ አርባ አንድ ዓመት በአንድ ጣራ፣
አንድ ቀን አልጠየቀችኝም፣ ስለዚያ ሌሊት፣ ስለዚያ ሥራ።
እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ አፌን ለጉሜ ነበር፤
ልጓሜን አምኜ፣ ስኮራ፣ በራሴ ዐይን ስከበር።

ባለፈው ክረምት፣ ሆስፒታል፣ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣
“ጎንበስ በል” አለችኝ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁላት።
ቃሉን ነገረችኝ።
አጥርታ፣ ልክ ያኔ እንደነገሩኝ።

“በእንቅልፍህ ትለዋለህ፣ ያቺን ባዝራ እየጠራህ፤
ከሠርጋችን ሌሊት ጀምሮ። ለማን ልንገርብህ?
ከዚያ ‘ይቅር በዪኝ’ ትላለህ።
መጀመሪያ ለኔ መስሎኝ ነበር።”

ሳቀች። እጇን በአንሶላው ጠረገች፣
ሊጥ ያለበት ይመስል።
ማንም አላስማላትም፤ ማንም ዐይኗን አላሰረ፤
ዳቦውን ጋግራ፣ ከደጅ የቀረች እሷ ነበረች።

እጇን ጨበጥኩ።
ጣት አለው። ሙቅ ነው።